ስለቱ ከየት ይነሳ?

የፍላቂቱ የሻው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ገበያ ላይ ለአንድ በግ ዋጋ ከጠራ በጉ እዚያው አርጅቶ ቢሞት ሁለተኛ ዋጋ አይጠራም። ነገ እመጣለሁ ካለ ዶፍ ቢወርድም ይመጣል፤ መጥቶም ብዙ አይናገርም፣ ጥግ ይዞ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳል እንዴት እንደሚሳል መገመት አያስቸግርም። አጭር፣ ቁርጥ ያለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ባንቺዓለም እንኳ እንዲያ ነበር የምትገምተው።

ስለቱ የመጣው ባለፈው ነሐሴ ነው። ባንቺዓለምን ሆዷን ያዛት። በመጀመሪያው ቀን ብርድ ነው አለች፤ በሁለተኛው ዳማከሴ ጠጣች፤ በሦስተኛው መናገርም አቃታት። ትርፍ አንጀት ኖሯል፣ እሱም ፈንድቶ። የሻው የሙሐዲንን ሚኒባስ ተኮናትሮ፣ ጎረቤታቸው የትናየት የበሽተኛዋን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በዚያ ዝናብ ወልድያ ሆስፒታል አደረሷት። ባንቺዓለም ከመንገዱ የምታስታውሰው የመኪናውን ጣሪያና መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አበባ ነው። ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው። ተቀደደች፣ ተሰፋች፣ ዳነች፣ ቤቷ ገባች።

ከዳነች በኋላ የሻው አንድ ነገር ተናገረ። ተስያለሁ፣ ለገና ላሊበላ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ከየት ተነስተህ ሲሉት፣ «ከዚህችው ቦታ» ብዬ ነው የተሳልኩት፣ ቦታዋም ወልድያ የሆስፒታሉ በር ነች ብሎ ነገሩን ዘጋ።

ይህን የሰማ የፍላቂት ሰው ሁሉ ሳቀ። ከፍላቂት ላሊበላ ለመሄድ መንገዱን ይዞ ጋሸና መድረስ፣ ከጋሸና ወደ ግራ ታጥፎ ቁልቁል መውረድ ነው፤ ለእግረኛ አራት አምስት ቀን ይበቃዋል። ወልድያ ከጋሸናም ወዲያ ማዶ ነች። ስለዚህ የሻው መኪና ተሳፍሮ፣ ጋሸና ላይ የላሊበላን መታጠፊያ በመስኮት እያየ አልፎ፣ ወልድያ ወርዶ፣ ያንኑ መንገድ ሳምንት ሙሉ በእግሩ ሊመለስበት ነው። አንዱ ሽማግሌ፣ የሻው ውሃ ሊቀዳ ምንጩን አልፎ ወንዝ የሚወርድ ሰው ነው አሉ።

ባንቺዓለምን ያስቆጣት ግን የመንገዱ ርዝመት አልነበረም። ከነሐሴ ወዲህ ባሏ እንደ እንቁላል ይዟታል። ጀሪካን አታነሳም። እንጨት አትሸከምም። እህል እንኳ እሱ ራሱ ወፍጮ ቤት ወስዶ ከሴቶች ጋር ተሰልፎ፣ ሲስቁበት ጺሙን ዱቄት አልብሶ ይመለሳል። ሐኪሙ በጥቅምት አይቷት፣ ከፈለግሽ እርሻ እረሺ ብሏታል። የሻው ሐኪሙን አላመነውም። ሴትዮዋ ድናለች፣ ባሏ ግን ገና አልዳነም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ እኔም እሄዳለሁ አለችው። ከወልድያ ድረስ አንቺ አትችይውም፣ በሚኒባስ ላሊበላ ድረሽ፣ ጋቢና ትቀመጫለሽ አላት። ይቺ ጋቢና ነች ሆዷን ያቃጠላት።

«ስለቱ ያንተ ነው» አለችው። «ነፍሷ ግን የኔ ነች። ለገዛ ነፍሴ በገዛ እግሬ ሄጄ ላመስግንበት እንጂ፣ እንደ ዕቃ ተጭኜ?»

የሻው መልስ ሲያጥረው እንደሚያደርገው በሬዎቹን ሊያይ ወጣ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸው መምሬ አዝመራው ቤታቸው መጡ። ባንቺዓለም ጉዳዩን አቀረበችላቸው። ስለቱ ከደጃፋቸው ቢነሳ መንገዱ አጥሮ እሷም ቀስ እያለች ልትሄድ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ለየሻው ምን ምክንያት ይቀረዋል? መምሬም ቅዱስ ላሊበላ የሚያየው ልብን ነው፣ ከደጃፍህ ብትነሳ አይቆጣህም አሉት። የሻው ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፣ ደግሞስ ስለት አይሸራረፍም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አላቸው። መምሬ በገዛ ትምህርታቸው ተያዙና ጠላቸውን አነሱ።

በዚህ መሃል ነው የትናየት ከጥግ የተናገረችው። የቱ ወልድያ ነው፣ ስለቱንማ የተሳለው ጋሸና ላይ፣ ውሃ ልንገዛ ስንቆም ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለች። የሻው ፊቱ ተለዋወጠ። ተሳስተሻል አላትና ተነስቶ ወጣ። በሬዎቹ በዚያ እሁድ ምንም አልጎደላቸውም ነበር።

ባንቺዓለም ባሏ ዋሽቶ አይታው አታውቅም። የሸሸ ግን መሰላት። ቦታው ጋሸና ከሆነ መንገዱ በግማሽ አጠረ ማለት ነው፤ ጋሸና ካልሆነ ደግሞ እርግጡን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቷል። በገበያው ቀን ጨው ልገዛ ነው ብላ ተነሳች። ጨዉን እኔ ልግዛልሽ አላት የሻው። ጨው ደግሞ ስንት ይመዝናል ብላ ጥላው ሄደች።

ሙሐዲን መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱን በጨርቅ ይወለውላል። የፕላስቲክ አበባው አሁንም መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያያት ሮጦ መጥቶ ጨበጣት፤ ጤናዋን ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ አልሃምዱሊላህ አለ። እሷም ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ያን ጊዜ ባሌ ስለቱን የተሳለው የት ቦታ ላይ ነው አለችው።

ሙሐዲን ጨርቁን አስቀመጠ።

«እማማ ባንቺ፣ የትኛውን ስለት ነው የሚጠይቁኝ?»

«ስንት ስለት አለና?»

ሰውየው ፈራ ተባ አለ። የሻው እንዳይነግራት አስምሎት ኖሯል። በኋላ ግን የስለት ነገር ለነፍስ ነው፣ ደብቄ ብጠየቅበትስ አለና መናገር ጀመረ። መጀመሪያ ከደጃፋቸው አንስተው መኪናው ውስጥ ሲያስገቧት የሻው የመኪናውን በር ይዞ ተሳለ። ቀጥሎ ጋሸና ላይ፤ የትናየት የሰማችው ይሄንን ነው። እስታይሽ ከተማን ሲያልፉ ባንቺዓለም ማቃሰቷን ስታቆም እንደገና ተሳለ። ድልብ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ አቁም አለ። ጉም ነው፣ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። ወርዶ መሃል መንገድ ላይ ቆመና፣ ቅዱስ ላሊበላ ይችን ሴት አትውሰድብኝ፣ ለገና ከዚህችው ቦታ ተነስቼ በእግሬ ደጅህን እሳለማለሁ አለ። ቅዱሱ ቦታዋን እንዳይስታትም መሬቱን በእግሩ ሁለት ጊዜ ረገጠ። መጨረሻም ሆስፒታሉ በር ላይ፣ እሷን በቃሬዛ ሲያስገቡ፣ ያንኑ ቃል አንድም ሳይቀንስ ደገመው።

«እኔ እስላም ነኝ» አለ ሙሐዲን። «ድልብ ላይ ግን አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ሰውየው እንዲያ እያለቀሰ።»

«የሻው አለቀሰ?»

«ወላሂ እማማ። ዝናቡን ከእንባው ለይቼ ነው ያየሁት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሹፌር የሰማውን፣ ጎረቤት የሰማውን፣ የድልብ ጉም የሰማውን ባንቺዓለም አሁን ገና ሰማች። ጨዉን ረስታ ተመለሰች። መንገድ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ መሬቱን ሁለት ጊዜ መርገጡ ትዝ ሲላት ሳቋ መጣ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ይወደኝ ይሆን ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ በሬ አይጠየቅም፣ ያርሳል እንጂ ብላ ተቀብላው ነው የኖረችው። አሁን ግን እንደ ልጃገረድ አፈረች።

ቤት ስትደርስ የሻው በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ መንሹን ይጠግናል።

«አምስት ጊዜ ተስለሃል አሉ» አለችው።

የሻው እጁ መንሹ ላይ ቆመ። ሊነሳ ነው ስትል አልተነሳም። በሬዎቹም ከኋላው ስለነበሩ የሚሄድበት አልነበረውም።

«ስድስት» አለ። «ሙሐዲንን አምጡልኝ ብዬ ልኬ ስጠብቅ እዚህ በረት ገብቼ ነበር። እሱን የሰሙት በሬዎቹ ብቻ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተራ በተራ ወጣ። ሩቁን ከሄድኩ ቅርቡ በውስጡ ይጠቃለላል ብሎ ነበር ወልድያን የመረጠው። ከወልድያ ተነስቶ ሲመጣ ድልብንና እስታይሽን አልፎ ጋሸና ይደርሳል፤ አራቱን ስለት በአንድ መንገድ ከፈለ ማለት ነው። ሒሳቡ ልክ ነበር፣ ብቻ በረቱና ደጃፉ ቀሩ። ሁለቱ ከጋሸና ወዲህ ናቸው። ከወልድያ መጥቶ፣ ጋሸናን አልፎ ፍላቂት ገብቶ፣ ከበረቱ ተነስቶ እንደገና ጋሸና እንዳይሄድ ጊዜ አይበቃውም፤ ገብሱ ሳይወቃ ከገብርኤል በፊት መነሳት አይችልም፤ ከገብርኤል በኋላ ደግሞ ገና ያልፍበታል። ይህን ያወቀው ስለቱን ወልድያ ነው ብሎ ከተናገረ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነበር። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስድስት ጊዜ ቃል ሲገባ የሚደርስበት ይኸው ነው።

ባንቺዓለም ከጎኑ ተቀመጠች።

«አንድ ሰው ከስድስት ቦታ ሊነሳ አይችልም» አለች። «ሁለት ሰው ግን ይችላል። የወልድያው ወገን ያንተ ይሁን። በረቱና ደጃፉ የኔ ናቸው። ጋሸና የጋራ ነች፣ እዚያ ተገናኝተን አብረን እንወርዳለን።»

«ብትወድቂስ?»

«ነሐሴ ላይ ወድቄ አይተኸኛል። ተነስቼም አይተኸኛል። ሁልጊዜ የሚታይህ ለምን የመጀመሪያው ብቻ ይሆናል?»

የሻው መንሹን አስቀምጦ ተነሳ። መምሬ አዝመራው ዘንድ ሄዱ። መምሬ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ፣ በቁርባንም አንድ ሥጋ ናችሁ፤ የአንድ ሥጋ ቀኝ እግሩ ከወልድያ፣ ግራ እግሩ ከፍላቂት ቢነሳ ማን ይከለክለዋል አሉ። አንድ ነገር ብቻ አዘዟቸው። ቀድሞ ጋሸና የደረሰ ሌላውን ይጠብቅ፣ አንዱ ካንዱ ተነጥሎ ቁልቁል እንዳይወርድ።

የሻው በገብርኤል ማግስት በሙሐዲን መኪና ሄደ፤ ጋቢና የተቀመጠውም እሱ ነው። ባንቺዓለም እጇን እያውለበለበች ሸኘችው። ከመሄዱ በፊት ስለ ጋቢው፣ ስለ ውርጩ፣ ውሃ ሲጠጣ ስለመቀመጥ ሁሉ ሲመክራት አድሯል። እሷም እሺ ስትለው አድራለች።

ሁለት ቀን ቆይታ እሷ ተነሳች። ጎህ ሲቀድ በረቱ ገብታ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በስመ አብ ብላ አማተበች። በሬዎቹ እያመነዠኩ አዩዋት። ከዚያ ደጃፉን ተሳልማ፣ ከየትናየትና ከሦስት የማኅበር ሴቶች ጋር መንገዱን ያዘች። የገብሱ ቃርሚያ በአመዳይ ነጥቷል፤ የሴቶቹ ትንፋሽ ይታያል። በሶና ቆሎ ተካፍለው ይዘዋል፤ ለእሷ ግን ሴቶቹ ምንም አላሸከሟትም፣ የሻው አስጠንቅቋቸው ኖሯል። እሷም ለጊዜው ታገሰቻቸው። ከየአቅጣጫው ነጭ የለበሰ ሰው እየተቀላቀለ መንገዱ የገበያ መንገድ መሰለ። እያወሩ፣ እየዘመሩ፣ አንዱን አሮጌ መነኩሴ ደግፈው ዳገት እያወጡ ሄዱ። የተሰፋችበት ቦታ ጠቅ እንኳ አላደረጋትም። የነከሳት አዲሱ የኮንጎ ጫማዋ ነው። አንድ ሌሊት መንገድ ላይ እንግዳ ተቀባይ ቤት አድረው በማግስቱ ጋሸና ገቡ።

የሻው አልደረሰም። በዚያው ምሽት ይደርሳል ተብሎ ነበር፣ አልመጣም። ጠዋትም አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው፤ ባትሪ እንዳያልቅ እያለ ስልኩን ዘግቶ የሚዞር ሰው ነው። ባንቺዓለም የላሊበላው መታጠፊያ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወደ ወልድያ ዓይኗን ተከለች። ሰው በመቶ በመቶ ሆኖ በአጠገቧ ታጥፎ ይወርዳል። ረፋዱ ላይ ሙሐዲን ከወልድያ ሲመለስ አገኛትና፣ አይቼዋለሁ፣ እያነከሰ ነው፣ ልጫንህ ብለው ስለት በመኪና አይከፈልም ብሎ አባረረኝ አላት።

ቀትር ሆነ። ፀሐይ አዘነበለች። ባንቺዓለም ያን ጊዜ ነው የባሏን ነሐሴ ያወቀችው። የምትወጂው ሰው መንገድ ላይ ሆኖ አንቺ ምንም ማድረግ ሳትችዪ ስትቀሪ አፍ የሚናገረውን አይመርጥም። ሳታውቀው ከድንጋዩ ተነስታ ቆማ ነበር።

«ቅዱስ ላሊበላ፣ ይህን ሰው በደህና አምጣልኝ እንጂ፣ ለከርሞ ከዚህችው ቦታ ተነስቼ…»

የትናየት ዘልላ አፏን ያዘች።

«ተይ እባክሽ! በስድስቱ መቼ አረፍንና ሰባተኛ ትጨምሪያለሽ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ባንቺዓለምም በየትናየት መዳፍ ሥር ሳቀች። ቃሉ ግን ወጥቶ ነበር፤ ቀሪውን በልቧ ጨረሰችው።

የሻው ከሰዓት በኋላ ብቅ አለ። በዱላው ላይ ተደግፎ፣ ጋቢው በአቧራ ቀልቶ፣ ትከሻው ላይ የስንቅ ከረጢት አንጠልጥሎ ቀስ እያለ መጣ። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ነው ኋላ የቀረው። ፊቷ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ እግሯን አየ።

«ጫማሽ ነክሶሻል» አላት።

«ነክሶኛል።»

ባንቺዓለም ጠበቀች። አሁን መኪና ሊያስቆም ነው፣ አሁን ጋቢና ሊል ነው ብላ ልቧን አጠነከረች። የሻው ወደ ቁልቁለቱ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ከረጢቱን ከትከሻው አወረደና ዘረጋላት።

«እስቲ ይችን ያዥልኝ። ደክሞኛል።»

ተቀበለችው። ከባድ ነበር፤ ሰውየው የያዘውን በሶ እኩሌታውን እንኳ አልበላም። ከነሐሴ ወዲህ ባሏ ያሸከማት የመጀመሪያው ሸክም ነው። ማንም እንዳያይባት ፊቷን አዙራ ከረጢቱን ጀርባዋ ላይ አስተካከለችና ከፊት ከፊት ቁልቁለቱን ጀመረች።

ሦስት ቀን ወረዱ። እሱ በአንድ እግሩ፣ እሷ በነጠላ ጫማ፣ የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ የገና ዋዜማ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ላሊበላ ገቡ። ከተማው መግቢያ ላይ የአገሬው ሰው እንደ ልማዱ ገበቴ ገበቴውን ለብ ባለ ውሃ ሞልቶ የእንግዳ እግር ያጥባል። አንዲት መቀነቷን ጠበቅ ያደረገች ሴት ሁለቱን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው። የየሻውን ያበጠ ቁርጭምጭሚት ስታይ ከንፈሯን መጠጠች።

«አባቴ፣ ከየት ተነስታችሁ ነው?» አለች። ለሁሉም እንግዳ የምትጠይቀው ነው፤ መልሱም የአንድ አገር ስም ነው።

ባንቺዓለም የሻው ወልድያ ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ነው ብላ አሰበች።

«ከስድስት ቦታ» አለ የሻው። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «ከበረታችን፣ ከደጃፋችን፣ ከጋሸና፣ ከእስታይሽ፣ ከድልብ፣ ከወልድያ ሆስፒታል በር። ሚስቴን አትውሰድብኝ እያልኩ የለመንኩባቸው ናቸው። ይችውልሽ አልወሰዳትም።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ፤ አላፈረበትምም። ሴትዮዋ እጇን ከእግሩ ሳታነሳ ቆየች። ባንቺዓለም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወስዳ መለሰች።

«ሰባት ነው» አለችው።

የሻው ዞሮ አያት።

«አንዱ የኔ ነው። ስትዘገይብኝ ጋሸና ላይ ተሳልኩ። ለከርሞ እንዳትረሳ፣ ከዚያ ነው የምንነሳው።»

እግሯንም አጠገቡ ከውሃው ውስጥ ከተተች።